የይታየው ዕዳ

ዕዳ ጠያቂ ሲመጣ ደስ የሚለው ሰው በመንዝ ምድር ቢፈለግ ከእትዬ አማከለች ሌላ አይገኝም። የባንኩ ሞተር ብስክሌት ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። አንዱ የጠፋ በግ ፍለጋ ይነሳል፤ ሌላው ደህና የነበረው ድንገት ታሞ ይተኛል። እትዬ አማከለች ግን ነጠላቸውን አጣፍተው በራፍ ላይ ይቆማሉ። መደቡ ላይ የበግ ጠጉር ባና ይነጠፋል፣ የገብስ ጠላ ይቀዳል፣ ቆሎ ይቀርባል። የባንኩ ሰው አፈወርቅ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሁሉ መስተንግዶ እንደ ማባበያ ቆጥሮት ፊቱን አጥቁሮ ነበር የተቀመጠው። በኋላ ለመደው።

አፈወርቅ የሚመጣው ጥር ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው። ይመጣና ጠላውን ፉት ብሎ፣ “ይታየው አልመጣም?” ይላል። እሳቸውም “አልመጣም፤ ይመጣል” ይሉታል። ይኸው ነው። ጠላው የሚጠመቀው ለዚህች ጥያቄ ነው። ልጃቸውን በስሙ ጠርቶ የት ደረሰ የሚል ሰው ከአፈወርቅ በቀር አልቀረማ። ጎረቤቱ ስለ ይታየው ማውራት ትቷል፤ ስሙ ከተነሳም ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ዝናቡና ወደ ማዳበሪያው ዋጋ ይዞራል። እትዬ አማከለች ይህን ያስተውሉ ነበር። ሰው ልጄን ረሳው ብለው በሆዳቸው ያዝናሉ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠሩም።

ይታየው የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ከእሱ በላይ የነበሩት በሕፃንነታቸው ተቀጥፈዋል፤ አባትየውም ያረፉት እሱ ዳዴ ሲል ነው። እናት የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባና ሠሪ እየሸጡ አሳደጉት። ልጅ ሲጎረምስ ያችን ቁራሽ መሬት አርሶ መብላት አልበቃ አለው። በግ አድልቦ ለፋሲካ መሐል ሜዳ ከተማ ሊሸጥ አስቦ ባንክ ሄደ። ባንኩ ደግሞ ለገበሬ ለብቻው አያበድርም፤ ጎረቤታሞች ተጠራርተው አንዱ ለሌላው ዋስ ሲሆን ነው ብር የሚወጣው። ከዋሶቹ ዋነኛው ተገኘ የሚባለው ሰው ነበር፤ አጥር የሚጋራቸው፣ ለይታየውም የክርስትና አባቱ የሆነው ተገኘ።

በጎቹ ተገዙ። ሁዳዴ ሳይጋመስ በሽታ ገባና እያሳለ አንድ ባንድ ጨረሳቸው። ይታየው የመጨረሻዋን ቀብሮ ሲመለስ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። መተማ ወርዶ ሰሊጥ አጭዶ፣ የባንኩን ብር ይዞ እንደሚመለስ፣ ሳይከፍል ግን የክርስትና አባቱን ፊት እንደማያይ ነገራቸውና ሄደ። አንድ ጊዜ ከሰው ስልክ ወደ ተገኘ ስልክ ደወለ፤ ሙቀቱ ነው እንጂ ደህና ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ አገሩ ታመሰ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ሁሉ ነገር ሲመለስ የይታየው ድምፅ አልተመለሰም።

እትዬ አማከለች ግን አንድ መጽናኛ ነበራቸው። ባንክ ገንዘቡን አይተውም። በየከተማው ቤት ከፍቷል፤ መተማም፣ እዚያው አጠገብ ገንዳ ውኃ የሚባለው ከተማም አለ ይባላል። እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት ገንዘቡን የወሰደበትን ሰው ሳይፈልግ ይቀራል? አፈወርቅ “አልመጣም?” ሲላቸው፣ እዚያ ማዶ ያሉት ጓደኞቹም እየጠየቁ ነው ማለት ነው። እናት ብቻዋን ልጅ ከምትፈልግ ባንክ ቢያግዛት አይከፋም። ስለዚህ በየዓመቱ ፈትላቸውን ሸጠው ከወለዱ ላይ ትንሽ ይቀንሱ ነበር፤ ባንኩ ተስፋ እንዳይቆርጥ።

ዘንድሮ ጥር ገብቶ ጠላው ተጠመቀ። ሞተሩም መጣ፤ ግን በላይኛው መንገድ አድርጎ ወደ ሌላው ሰፈር አለፈ። ሌላ ቀንም እንደዚያው። ጠላው ኮመጠጠ። እትዬ አማከለች እንቅልፍ አጡ። የባንኩን ሰዎች ልጁን መፈለግ ሰለቻቸው፣ ሊተዉት ነው ብለው ፈሩና አንዲቷን ጊደራቸውን ሸጠው ደህና ገንዘብ ሊከፍሉ ቆረጡ። ማለዳ ጊደሯን ፈትተው ከግቢ ሲወጡ ተገኘ በአጥሩ ላይ አያቸው። የት እንደሚሄዱ ሲነግሩት ዘሎ መጥቶ ገመዱን ያዘ።

“ይተዉ እትዬ አማከለች፤ ጊደሯን አይሽጡ። ዕዳው ተሰርዟል።”

ማን እንደሰረዘው ጠየቁት። ባንኩ ራሱ ነው አለ። በችግር ምክንያት ነው፣ ለብዙ ሰው አድርገዋል፣ እኛም ከዋስትናው ወጥተናል እያለ ወደ መሬት እያየ ተንተባተበ። እሳቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዱን ብቻ ነበር። ልጄ በዕዳ ምክንያት ነው የቀረው፤ ዕዳው የለም። እዚያው ግቢያቸው መሐል ቆመው ብቻቸውን እልል አሉ። ተገኘ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው። ጊደሯን መልሰው አሰሩና፣ ባንክ ሄጄ አመስግኜ፣ ለይታየው እንዲነግሩልኝ አደርጋለሁ አሉ። ተገኘ እኔ እሄድልዎታለሁ አለ፤ እምቢ። ብርዱ ያምዎታል፣ ነገ ይሁን አለ፤ እምቢ። ብቻቸውን መልቀቅ ስላቃተው ጋቢውን ደርቦ ተከተለ። እትዬ አማከለች መንገዱን ሁሉ ያወሩ ነበር፤ ይታየው ሲመጣ ቤቱን በቆርቆሮ እንደሚከድን፣ ሚስት እንደሚፈለግለት፣ እንደ ክርስትና አባቱ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄደው ያው ተገኘ እንደሆነ። ተገኘ “እሺ” ይል ነበር። የፈሪ ነገር ይገርማል፤ ያን ሁሉ መንገድ አንድ ቃል መናገር አቅቶት እሺ እያለ ሄደ።

መሐል ሜዳ ባንኩ ውስጥ አፈወርቅ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። እትዬ አማከለች ወረፋውን አልፈው ሄደው እጁን ያዙት።

“ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። መተማ ላሉት ሰዎቻችሁ ደውልልኝና ዕዳህ ተሰርዞልሃል፣ እናትህ ትጠብቅሃለች፣ ግባ ይበሉት።”

 አፈወርቅ በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ ተገኘን አየው።

“አልነገራችኋቸውም?” አለው ቀስ ብሎ።

እትዬ አማከለች በዕድሜያቸው ብዙ ቤት መርዶ ሲነገር ተገኝተዋል። ለሟች ቤተሰብ ሳይነገር አገር ሁሉ ሰምቶ እንዴት አፉን እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ራሳቸውም ለሌላው አፋቸውን ይዘው ያውቃሉ። ስለዚህ ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። የአፈወርቅን እጅ ለቀቁ። ወንበር ሰጧቸው፣ ተቀመጡ። ውኃ ሰጧቸው፣ ተቀበሉና ሳይጠጡ ያዙት። እዚያ አላለቀሱም። ባንክ ቤት ምን ተብሎ ይለቀሳል።

ተገኘ አፉ የተፈታው ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው። ይታየው የሞተው ካቻምና በወባ ነው። አብሮት ሲያጭድ የነበረ ከራቤል የሄደ ልጅ እዚያው ቤተ ክርስቲያን እንደቀበሩት መጥቶ ለሰፈሩ ሰው ነገረ። ሊያረዷቸው ሲሉ ጾም ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ከፋሲካ በኋላ እሳቸው ታመው ተኙ፤ ይበርታላቸው ተባለ። ሲበረታላቸው ደግሞ ዓለም ከተማ ያለችው እህታቸው ትምጣ ተባለ፤ እህት እንዳትመጣ መንገዱ ተዘጋ። እንዲህ እንዲህ እያለ የመርዶው ቀን አለፈ፤ ካለፈ በኋላም ማን ደፍሮ ያንሳው። በዚህ መሐል ባንኩ ዋሶቹን ያዘ። ወይ ክፈሉ፣ ወይ ለማዳበሪያ አትበደሩም አለ። ተበዳሪው ሞቶ ያወረሰው ከሌለ ዕዳው ይሰረዛል ሲባሉ፣ ተገኘና ሌሎቹ ዋሶች ቀበሌ ቀርበው ይታየው ሞቷል ብለው መሰከሩ። ፍትሐቱም ተደርጎለታል አለ፤ የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ አማኑኤል በክርስትና ስሙ ፈትተውታል።

እትዬ አማከለች ይህን ሁሉ ሲሰሙ አንድ ጊዜም አላቋረጡትም። ያንገበገባቸው ሞቱ ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ሞቶ ቀበሌ አውቋል፣ ባንክ አውቋል፣ ቄሱ ፈትተውታል፤ እሳቸው ግን ጠላ እየጠመቁ፣ ፈትል እየሸጡ የሞተ ልጅ ወለድ ሲከፍሉ ኖረዋል። ያ ሁሉ ሰው ስሙ ሲነሳ ወሬ የሚያዞረው ረስቶት አልነበረም። ቢረሳው ይሻል ነበር። ቢረሳው ኖሮ ልጁ ዛሬም አንድ ቦታ ሰሊጥ እያጨደ ይኖር ነበር።

“ለባንክ ነገራችሁ” አሉ በመጨረሻ፣ ዞር ሳይሉ። “ለእኔ ጊዜ አጣችሁ።”

ተገኘ ይቅር ይበሉኝ ብሎ መንገዱ ላይ እግራቸው ሥር ወደቀ። አላነሱትም፤ አልረገሙትምም። የሚራገሙበት አቅም አልነበራቸውም። ዳገቱን ጨርሰው ቤታቸው ሲታያቸው ግን ቆሙ።

“ነገ ማለዳ ኑ” አሉት። “ቄሱም ይምጡ፣ ሰፈሩም ይምጣ። በር አንኳኩና በወጉ ንገሩኝ። የልጄ መርዶ በባንክ በኩል ተሰምቶ አይቀርም።”

ማለዳ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ፣ ሰዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ጭስ አይወጣም፤ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ቄስ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ ቀረቡና አንኳኩ። እትዬ አማከለች ተነስተው ወደ በሩ ሲመጡ ኮቴያቸው ተሰማ። መቀርቀሪያው ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ አልሳቡትም።

“ማነው?” አሉ ከውስጥ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። “ይታየው፣ አንተ ነህ?”

ቄሱ ወደ ተገኘ ዞሩ፤ ተገኘ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሳበ።