የተጣለው ዓይን

አክስቴ ጠዋት ከአልጋዋ እንደወረደች መጀመሪያ የምታደርገው ፊቷን መታጠብ አይደለም። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ታነባለች፤ ከዚያ ግራውን ሸፍና ትደግመዋለች። ሁለቱም ሲያዩላት ደስ የሚላት እንዳይመስላችሁ። ትከሻዋ ወረድ ይላል፤ "ዛሬም አልመጣም" ትልና ወደ መታጠቢያው ትሄዳለች። ነገሩ ሳይገባኝ በፊት ያመማት መስሎኝ ሐኪም ቤት እንሂድ እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ምላሷ የማያርፍ፣ ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ ሴት ነበረች። ወጥ ላይ ጨው ጨመርሽ ወይ ስትባል እንኳን ሳትምል አትመልስም፤ መሐላዋም ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ዓይኔን ግንባር ያርገው!" ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር፤ የምትተዳደረው በዓይን ነበርና።

ፋብሪካዎች ለሚሠሯቸው ኬሚካሎች "ዓይን ይጎዳል" ወይም "አይጎዳም" የሚል ወረቀት በሚሰጥ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። በየጠዋቱ በረዶ የያዘ የፕላስቲክ ሣጥን አንጠልጥላ ቄራ ትሄዳለች። አራጁ "የዓይን ሐኪሟ መጣች፣ በሽተኞቿን አምጡላት!" እያለ የታረዱትን ከብቶች ዓይን በጨው ውሃ ውስጥ ያስረክባታል። ላቦራቶሪ ስትደርስ አንድ በአንድ በመብራት ታያቸዋለች፤ ቢላ የጫረው ካለ ትጥለዋለች። ከደህናዎቹ የፊት የፊቱን ጥርት ያለ ሽፋን ቆርጣ ታወጣና ሦስቱ ላይ ኬሚካሉን፣ ሦስቱ ላይ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የጨው ውሃ ታፈስባቸዋለች። ታጥበው ሰዓታቸው ሲሞላ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፉ መሣሪያው በቁጥር ያሳያል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ዓይን የሚጣለው ከምርመራው በፊት ነው። ውጤቱን ካዩ በኋላ "ይኼ እኮ ተጭሮ ነበር" ማለት የለም።

እሷ ግን አንድ ቀን ይህንኑ አለች። የሚመረመረው ቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ነበር። ሁለቱ ዓይኖች ጥርት እንዳሉ ወጡ፤ ሦስተኛው ሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለ። አለቃዋ ወረቀቱ ዛሬ መውጣት አለበት እያለ በየሰዓቱ በሩ ላይ ብቅ ይላል። አራጁም ያን ጠዋት ተጣድፎ ነበር፤ ቢላው ነክቶት ይሆናል አለች በሆዷ። ጣለችው። ከሣጥኑ ሌላ አውጥታ ሞከረች፤ እሱ ጠርቶ ወጣ። "አይጎዳም" ብላ ፈረመች።

ያንን ፈሳሽ በጠርሙስ ከሚሞሉት ሴቶች አንዷ ታላቅ እህቷ፣ ማለትም እናቴ ነበረች። ወረቀቱ ፋብሪካው እንደደረሰ ፎርማኑ የመከላከያ መነጽሩን ሰበሰበ። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ላብ ያጠራቅማል፣ አፍንጫ ይጫናል። እናቴ ግን ጠርጣራ ናት። አክስቴ እሑድ ቤታችን ስትመጣ ጠየቀቻት።

"እውነት አይጎዳም?"

"አንቺ ደግሞ እትዬ! በገዛ እጄ መርምሬው? ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

እናቴ ሳቀችና አመነቻት። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እኔም ሳቅሁ።

በአራተኛው ወር ቱቦው ከማሽኑ ተፈትልኮ ፈሳሹ እናቴን ግራ ዓይኗ ላይ መታት። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ ዓይኗ ግን ነጣ፣ ነጥቶም ቀረ። ፎርማኑ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበላት፤ "ፈሳሹ አይጎዳም፤ በቆሸሸ እጅሽ አሽተሽው ነው" አላት። እናቴም ራሷን መውቀስ ጀመረች። "ምነው እጄን በቆረጠው! ምነው ባላሸሁት!"

ይህን ባለች ቁጥር አክስቴ ብድግ ትልና መስኮት ትወለውላለች። ጎረቤት ለእህቷ አዝና ነው አለ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። መማል ግን ተወች። ወተት በብርጭቆ ተቀድቶ ካየች ፊቷን ታዞራለች፤ እንፋሎት ያደበዘዘው መስተዋት ካየች እስኪጠራ ትፈትገዋለች። ደግሞም በእናቴ ቀኝ በኩል እንጂ በግራዋ አትቀመጥም። ያንን ዓይን አንድ ቀን እንኳን ቀና ብላ አላየችውም።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ የእናቴ የሥራ ባልደረባ፣ ገና አፍላ ወጣት፣ ልትጠይቃት መጣች። አንድ ዓይኗ ቀልቷል። "ትናንት ትንሽ ፈነጠቀብኝ" አለች እየሳቀች። አብራን ወደነበረችው፣ ወረቀቱን ወደፈረመችው አክስቴ ዞር ብላ፣ "ግን አይጎዳም፣ አይደል?" አለቻት።

አክስቴ የቀላውን ዓይን አየች። "ይጎዳል" አለች። "ሐኪም ቤት ሂጂ። አሁኑኑ፣ የኔ እናት።"

ልጅቷ ደንግጣ ስትወጣ አክስቴ ወለሉን እያየች ሁሉንም ነገረችን፤ ጠዋቱን፣ አለቃዋን፣ ሦስተኛውን ዓይን። እኔ ብሆን ብርጭቆውን በወረወርኩባት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እጄ ብርጭቆው ላይ ነበር። እናቴ ግን ጠየቀቻት።

"የጣልሽው ዓይን አሁን የት አለ?"

"ተቃጥሏል፣ እትዬ። የለም።"

"መዝገቡ ላይስ?"

"መዝገቡም ላይ የለም። በሱ ቦታ ሌላውን ነው የጻፍኩት።"

እናቴ ለእኔ "ወረቀት አምጪ" አለችኝ። አክስቴ ፊት አስቀመጥኩት። እናቴ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎተተችና ፊቷን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገች።

"በሱ ቦታ እኔን ጻፊኝ" አለቻት። "እይና ጻፊ።"

አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራዋ በኩል መጣች። ተንበርክካ አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጻፈች፦ "ሦስተኛው ዓይን። ብርሃን አያሳልፍም።"

ሰኞ ወረቀቱን ለአለቃዋም ለፋብሪካውም ሰጠች። ሥራዋን አጣች፤ መነጽሩ ለሴቶቹ ተመለሰ። የወጣቷም ዓይን ዳነ። እናቴ ይቅር ብዬሻለሁ ስትላት ሰምቼ አላውቅም፤ አክስቴም ለምናት አታውቅም። አሁን ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት የምትጠብቀው ያንን የማለችውን መሐላ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ሐኪም ቤት እንሂድ ማለቴን ትቻለሁ።

ዓይኖቿን ፈትሻ ስትጨርስ እናቴ ቁርስ ላይ ትጠራታለች። በግራዋ በኩል ያለውን ወንበር በእጇ እየዳሰሰች ታገኘውና ትስብላታለች።

"ነይ" ትላታለች፣ "እዚህ ተቀመጪ።"