ሰማይ ለማየት ያፈንነው ጭስ

ልጅ ሳለሁ ኮከብ የማየው በከሰል ጭስ መሐል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጭስ ባለበት ሰማይ አይታይም እያሉ የሚሟገቱኝ የኮከብ ተመልካቾች ክበባችን ሰዎች ስላሉ ነው። ይታያል። እኔ አይቻለሁ። ዓይኔ እያለቀሰ፣ ሹራቤ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ ጉንጬ በትኩስ ድንች ተወጥሮ አይቻለሁ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ስመኘው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ከሰል ያከስሉ ነበር። ዛሬም ያከስላሉ። በእኛ አገር ሰው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳው ላይ እንደ እህል ይተክልና አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል። ግንዱን ይደረድራል፣ ሣርና ቅጠል ያለብሰዋል፣ አፈር ይከምርበትና ከውስጥ ይለኩሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥበቃ ነው። ለጭሱ መውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዉለታል፤ እነሱ ከታፈኑ ወይም አፈሩ አንድ ቦታ ከተናደ ከሰል ሊሆን የነበረው ሁሉ አመድ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ክምር ብቻውን አይተውም። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ፣ ቀንም ማታም፣ አጠገቡ ከተቀለሰችው ጎጆ ሰው አይጠፋም።

ያኔ እኛ ልጆች ሲመሽ ወደዚያች ጎጆ እንሮጥ ነበር። አያ ስመኘው ኩራዛቸውን በር ላይ ሰቅለው፣ ፍም ውስጥ ድንች ቀብረው ይጠብቁናል። ተረት ግን እንዲሁ አይገኝም። መጀመሪያ እያንዳንዳችን ክምሩን ዞረን ያየነውን መናገር ነበረብን፤ ጭሱ ነጭ ነው ወይስ ወደ ሰማያዊ ሄዷል፣ የትኛው ቀዳዳ ሰነፈ፣ አፈሩ የት ጋ ተሰነጠቀ። ሳያይ የሚቀባጥር ልጅ እንደገና ይዞራል፤ እኔ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ እግሬ ያውቃል። ደህና አድርጎ ያየው ልጅ የዚያን ምሽት ተረት ይመርጣል።

እኔ ተራው ሲደርሰኝ የምመርጠው የሦስቱን ወንድማማቾች ነበር። በታኅሣሥ፣ ጀምበር ከጠለቀች ብዙም ሳይቆይ፣ በምሥራቅ በኩል ሦስት ኮከቦች አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ብቅ ይላሉ። አያ ስመኘው በጉማጅ እንጨት እያመለከቱን፣ በአዊኛ፣ ቀስ እያሉ ይተርካሉ። ሦስት ወንድማማቾች ከሰል ተሸክመው ዳንግላ ገበያ ሊሄዱ ተነሡ፤ ደጃፍ ላይ ግን «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ ታላቅ ነህ»፣ «ኧረ በጭራሽ» ሲባባሉ ገበያው ተበተነ፣ ክረምቱ መጣ፣ እነሱም እንደተሸከሙ ሰማይ ላይ ኮከብ ሆነው ቀሩ። እዚህ ላይ ያን የሚያህል ትልቅ ሰው ሆነው ሳለ የሦስቱንም ድምፅ ስለሚያወጡ በሳቅ እንፈርስ ነበር። ተረቱ አልቆ ሦስቱ ከዛፎቹ ጫፍ ከፍ ሲሉ ደግሞ ይነሡና የታችኞቹን ቀዳዳዎች ይከፍታሉ፤ ሰዓታቸው እነሱ ነበሩ።

እንግዲህ እኔ ፊዚክስ የተማርኩት ከዚያ ተነሥቼ ነው። አሁን ባሕር ዳር አስተምራለሁ፣ ከሥራ ውጭ ደግሞ ኮከብ በሚያዩ ሰዎች ክበብ ውስጥ አለሁ። ዕረፍት ስናገኝ ቴሌስኮፓችንን ሚኒባስ ላይ ጭነን መብራት የሌለበት ቦታ እንሄዳለን። ባለፈው ታኅሣሥ ቦታ ሲጠፋ የአገሬን ኮረብታ ያመላከትኩት እኔ ነበርኩ፤ እጄን ይቁረጠው።

የክበቡ ሰብሳቢ ቢንያም ገና ሚኒባሱ ውስጥ ሳለን ተነሥቶ ንግግር አደረገ። የምንሄድበት አካባቢ ሕዝብ ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም፣ ዛሬ እኛ እናስተዋውቀዋለን አለ። ሰው አጨበጨበ። የሚላቸው የእኔን ዘመዶች ነበር፣ ያሳደጉኝን ሰዎች። አንድ ቃል ሳልተነፍስ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ኮረብታው ሥር ስንደርስ አያ ስመኘው የተቀቀለ ድንች በእንቅብ አስይዘው ሊቀበሉን መጡ። ክምራቸው እዚያው ግርጌ ይጨሳል። ያ ትልቅ መነጽር ሦስቱን ያሳይ እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቁኝ። በደስታ ዘለልኩ።

«ያሳያል እንጂ፣ አያ! እርስዎ ይሂዱና ይዩ፤ ክምሩን እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

«አደራ፣ እናኑ። ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ቀዳዳዎቹን አደራ።»

«አይጠራጠሩ።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ልጅ እየተጣደፉ ሽቅብ ወጡ። እኔ የልጅነት ቦታዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት የክበቡ ልጆች የእጅ ባትሪ ይዘው ወረዱ። ጭሱ ወደ ላይ እየነፈሰ ምሥራቁን ጋርዶብናል፣ ቢንያም ለአንድ ሰዓት ብቻ ዝጉት ብሏል አሉኝ።

«አፈር ጣል ጣል እናድርግበት፣ ስንሄድ እናነሣለታለን» አለ አንዱ።

ቀዳዳ ቢታፈን ምን እንደሚሆን ከሁለቱም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሆዴ «አይሆንም» እያለ አፌ ግን፣ እንዴት ብዬ እንግዶቼን አስከፋለሁ በሚል፣ ለከሰል ተሟገተች እንዳይሉኝ በሚል፣ «አካፋው ከመደቡ ሥር አለ» አለ። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ይነገራል፤ የእኔው ግን በዓይኔ ፊት ነው ያፈረሰው። ቆሜ አየኋቸው። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈኑ፣ ጭሱ ቆመ፣ ከላይ የደስታ ጩኸት ተሰማ።

ላይ የሆነውን ኋላ ያጫወተችኝ አንዲት የክበቡ ጓደኛዬ ነች። አያ ስመኘው ሰልፍ ይዘው ተራቸውን ሲጠብቁ ቢንያም ቀርቦ «አባባ፣ ያ የሚያበራው ኮከብ ይባላል» አላቸው። ኮከብ ይባላል! ዕድሜያቸውን በሙሉ በኮከብ ሰዓት ሲሠሩ ለኖሩ ሰው! እሳቸው ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉት። ተራቸው ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀር ቁልቁል ተመለከቱ። ጭሱን አጡት። ሦስቱን በመነጽር ሳያዩ፣ ጋቢያቸው እየተጎተተ ወረዱ።

ሲደርሱ መውጫ ያጣው እሳት በወዲያኛው ጎን አፈሩን ሰንጥቆ ምላሱን አውጥቶ ነበር። ማን ነው፣ ምንድን ነው አላሉም። አካፋውን ከወደቀበት አነሡና አፈር መጣል ጀመሩ፤ እኔም በጆንያ አፈር እያመጣሁ፣ እጄ እየተላጠ፣ በላብና በእንባ ተጨማልቄ አብሬ ሠራሁ። አንዱን ስንጥቅ ስንደፍን ሌላው ይከፈታል። በዚያ ሁሉ መሐል ከላይ ጁፒተርን ያዩ ሰዎች ጭብጨባ ይሰማ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንድ እንኳ ወርዶ ምን ሆናችሁ ያለን የለም። ጠዋት ሲታይ የክምሩ እኩሌታ አመድ ነበር፣ አምስት ዓመት ያደገ ዛፍ።

አያ ስመኘው ግን ፊታቸውን ታጥበው እንግዶቼን ሸኙ። ቢንያም እጃቸውን ጨብጦ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አላቸው።

ዳንግላ ስንደርስ ኔትወርክ መጣና የሁላችን ስልክ ተንጫጫ። ቢንያም ኔትወርኩን እንዳገኘ የሌሊቱን ፎቶዎች በክበቡ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ነበር። ከሥሩ «የአካባቢው ነዋሪዎች ጭሳቸውን በፈቃዳቸው አጥፍተው ተባብረውናል» ይላል። በፈቃዳቸው! ሹፌሩን አቁም አልኩት።

«ማንም አልፈቀደም» አልኩት ቢንያምን። «አፍነን ያቃጠልነው እኛ ነን። አካፋውን ያሳየሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጽሑፉን አጥፋው።»

«እናኑ፣ ለጭስ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለ ቢንያም፣ እየሳቀ።

ወርጄ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ያቺው ጓደኛዬ ብቻ ቦርሳዬን በመስኮት አቀበለችኝ። ጽሑፉ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልጠፋም፤ ብዙ ሰው ወዶታል።

በሌላ መኪና ተመልሼ መንደር ስደርስ አያ ስመኘው አመዱን እየጫሩ የተረፈ ከሰል ይለቅማሉ። ፊታቸው ቆምኩ።

«አያ፣ አካፋውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ከመደቡ ሥር ያለውን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

አሁን ቀና አሉ፤ የገረማቸው መሰሉ። «እንግዶችሽ ፊት?»

አጠገባቸው ተንበርክኬ እስኪመሽ ለቀምኩ።

ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን አሁን ረስቻለሁ፤ የሦስቱንም ቢሆን ስተርከው የእሳቸውን ድምፅ ማውጣት አልችልም። ከእኔ ጋር የቀረው ሌላ ነገር ነው። በማግሥቱ እናቴ ቤት ገብቼ ስለ ክምሩ ላወራት ስጀምር «ሰማሁ እኮ፣ የጎረቤት ከብት ረግጦ ናደው አሉ፤ ወንድሜ ማታ መጥቶ ነገረኝ» አለችኝ። ተረት በተረት ሆነን ስናድግ እንኳ አያ ስመኘው የቱ ተረት የቱ እውነት እንደሆነ ሳይነግሩን አልፈው አያውቁም። በዕድሜዬ ከእሳቸው አፍ ወጣ ሲባል የሰማሁት ውሸት ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኔ ሲሉ ዋሹ።