አደይን ይዤ ሸፍሻወን

ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ ከእኔ በታች ባለው አፓርትመንት አንዲት ኤርትራዊት እናት ይኖራሉ። ሰፈሩ ሁሉ በትግርኛ አደይ፣ እናቴ ነው የሚላቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ዓረብኛውን ደግሞ ሱዳን በስደት ሳሉ ለምደውታል። የመጨረሻ ልጃቸው ወደ አውሮፓ ሊሻገር ሞሮኮ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሊያጽናናቸው ሲመጣ በር ላይ ቆመው፣ “ልጄ አልሞተም። ይሄ ለቅሶ ቤት አይደለም” ብለው ይመልሱት ነበር።

ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ተራራ ላይ ያለች፣ ግድግዳዋ ሁሉ ሰማያዊ የሆነ ከተማ ውስጥ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ምንጭ አጠገብ፣ ምግብ ቤት ዕቃ እንደሚያጥብ ነግሯቸዋል።

ባለፈው ክረምት፣ “ያቺን ከተማ ሳላይ አልሞትም” አሉ። ሳን ሆዜ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ስትሰማ፣ “ማም፣ ፕሊስ፣ ዶንት ዱ ዚስ” ብላ አለቀሰች። የወንድሟን መጨረሻ የመስማት አቅም አልነበራትም።

“አንቺ ካልቻልሽ ጎረቤቴ ትወስደኛለች” አሏት። እኔን ገና አልጠየቁኝም ነበር። ቢሆንም አላሜዳ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ፈቃድ ወሰድኩና አብሬያቸው ሄድኩ።

ሞሮኮ፣ ታንጀር አድረን ሰማያዊቷ ከተማ ሸፍሻወን ደርሶ የሚመለስ የቀን ቱር ቡክ አደረግኩ። ቫኑ በጠዋት ተነሥቶ ተራራውን ወጣ። አስጎብኚያችን ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር። በጠባቡ ደረጃ እየመራን፣ “ሰማያዊው ለምን እንደሆነ ሁሉም የየራሱን ይላል፤ ትንኝ ለማባረር ነው የሚል አለ፣ ሰማይን ለመምሰል ነው የሚል አለ። እኔ የማውቀው እናቴ በየዓመቱ እንደምትቀባው ነው” አለ። አብረውን የመጡት ተጓዦች ሣቁ፤ ፎቶ ተነሡ። አደይ ግድግዳውን አላዩትም። በተከፈተው የምግብ ቤት በር ሁሉ አንገታቸውን እያሰገጉ ውስጥ የሚሠሩትን ልጆች ፊት ያያሉ።

አስጎብኚው ይህንን አስተውሎ ጠጋ አላቸውና አንድ ነገር ጠየቃቸው። በዓረብኛ መለሱለት። ቃሉ ባይገባኝም የሰውዬው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሌሎቹን ምሳ እንዲበሉ አሰናብቶ አደይን በክንዳቸው ያዛቸው።

ምንጩ ዘንድ ወረድን። ውሃው ከተራራው እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ልብስ ያሻሉ። መጀመሪያ የገባንበት ምግብ ቤት ልጁን ማንም አያውቀውም። ቀጥለን የገባንበት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሾርባ ያማስላሉ። አደይ ስሙን ነገሯቸውና ጣታቸውን በግራ ቅንድባቸው ላይ አሳለፉ። ልጁ ካርቱም እያለ ከብስክሌት ወድቆ እዚያ ላይ ጠባሳ ነበረው። ሽማግሌው ጭልፋውን አስቀመጡ። ወንበር ስበው አደይን አስቀመጧቸውና ራሳቸውም ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

ብዙ አወሩ። ከዚያ አደይ ወደ እኔ ዞሩ።

“እዚህ ሠርቷል። ‘ከጓደኞቹ ጋር ወደ ባሕሩ ወረደ። ጀልባዋ ስትገለበጥ አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ተርፎ ተመለሰና ነገረኝ’ ይላል።”

እጃቸውን ያዝኩ። አላለቀሱም። ወደ ሽማግሌው ተመልሰው አንድ ነገር ጠየቁ፤ እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱ።

“ምን ብለው ጠየቋቸው?” አልኳቸው።

“‘የሙት ሶላት ማን ሰገደለት?’ አልኩት። ‘ዓርብ ቀን እዚህ መስጊድ ሰው ሞልቶ ሰገድንለት’ አለኝ።” ይህንን ሲሉ ነው ድምፃቸው የተሰበረው።

መስጊዱን ሊያዩ ፈለጉ። አስጎብኚው ወሰደንና አደይ በሴቶቹ በር ገቡ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። የመመለሻው ሰዓት አለፈ። ተጓዦቹ ያጉረመርማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አስጎብኚው ግን ቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ ቫኑ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ተነሥታ የፊት ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

ቁልቁለቱን ስንጀምር አደይ፣ “ጥሩ ልጅ ነበር” አሉኝ። እስከዚያ ቀን ስለ እሱ “ነበር” ብለው አያውቁም። ትከሻቸውን አቀፍኩ።

ኦክላንድ በገባን ማግስት፣ “ሰው ጥሪልኝ” አሉኝ። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ሰው መጣ፤ ድሮ ከበር የመለሷቸው ሁሉ መጡ። ልጃቸው ከሳን ሆዜ መጥታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ለቅሶው በረድ ሲል በተሰባበረ ትግርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እየሞላች፣ ወንድሟ ሕፃን እያለ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ጠየቀቻቸው። አደይ ጥቂት አሰቡና መናገር ጀመሩ። ሰዉም ወንበሩን እያስጠጋ ያዳምጣቸው ጀመር።