ጭስ የጠገበው ቀርከሃ

ክረምት ገብቶ ደመናው ዳንግላ ላይ ዝቅ ሲል፣ ሳሎኔ ውስጥ የቆመው የቀርከሃ መከለያ ጭስ ጭስ መሽተት ይጀምራል። ምድጃ በሌለበት፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ በሚበስልበት ፎቅ ላይ የገጠር ቤት ጭስ ሲሸታቸው፣ እንግዶቼ «ምን አረረብሽ?» እያሉ ወደ ማእድ ቤት ያያሉ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ያለሁትም እንጅባራ፣ እናቴ የመጀመሪያ ቤቷን በምታስጌጥበት ክረምት ውስጥ ነው።

እስከዚያ ዓመት ድረስ የኖርነው በኪራይ ነበር። አባቴ አስተማሪ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ፤ ግድግዳቸው ላይ ምስማር ሲመታ ግን ልባቸው ላይ የተመታ ያህል ይጮኹ ስለነበር፣ የወላጆቼ የሠርግ ፎቶ እንኳ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ በበዓል በበዓል ብቻ ወጥቶ፣ ታይቶ፣ ተመልሶ ይገባ ነበር። እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ «የራሴ ግድግዳ ሲኖረኝ» ብላ የምትጀምረው ወሬ ማለቂያ አልነበረውም። አባቴ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዓመታት ከጠበቀ በኋላ ዕጣው ወጣና ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ደረሰችን። ስቱዲዮ የሚለው ስም አያታልላችሁ፤ አንድ ክፍል ናት።

ቁልፉን የተረከብነው በሐምሌ፣ ከመስኮቱ ውጭ ጭጋግ እንጂ ሌላ ነገር በማይታይበት ቀን ነበር። ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። እናቴ ገና አልጋ ሳይገባ፣ ቀለም ሳይቀባ፣ ፎቶውን በአንድ እጇ መዶሻውን በሌላው ይዛ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ የመረጠችው ቦታ የኮንክሪት ምሰሶ ኖሮ ሦስት ምስማር አጣጥፋ፣ አራተኛውን ብሎኬቱ ላይ መትታ ሰቀለችው፤ ከዚያም ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታየው ዋለች። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግድግዳው ተለስኖ ቢጫ ተቀባ፣ ወለሉ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለበሰ፣ መጋረጃውን ራሷ ሰፋችው። ለእኔም ቃል ገባችልኝ፤ «ጥግሽን በቀርከሃ እከልልልሻለሁ፤ የራስሽ በር ይኖርሻል።» ከደስታዬ ብዛት ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሬ፣ ወላጆቼን መስመሩን ከመሻገራቸው በፊት «አንኳኩ» እያልኩ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋቸው።

ቀርከሃ ሲነሳ አባባ ይነሳ ነበር። አባባ የአባቴ አባት ሲሆን፣ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ገጠር፣ ከቤቱ ጀርባ በተከለው የቀርከሃ ጫካ ሥር ይኖር ነበር። ከሰው ጋር በአማርኛም በአገውኛም ያወራ ነበር፤ ከቀርከሃውና ከበሬዎቹ ጋር ግን በአገውኛ ብቻ። የዳንግላዋ እናቴ አገውኛ ስለማትሰማ፣ እሱና አባቴ ሲጫወቱ በማይሳቅበት ቦታ እየሳቀች ታስቀን ነበር። እናቴ ቀርከሃውን ስትለምነው «ክረምቱ ይውጣ፣ ልጄ። አሁን ውሃ ጠጥቷል፣ ይነቅዝብሻል» አላት። እሷ ግን ሰበብ መሰላት፤ ምክንያቱም ዕጣው የወጣ ሰሞን «ከሥሩ መሬት የሌለው ቤት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ነበር። በእኛ ዘንድ የባል አባት ገብቶ ዳቦ ቆርሶ ያልመረቀው አዲስ ቤት፣ ተገባበት አይባልም። እናቴም ቤቷን ሙሉ አድርጋ፣ በመስከረም ልታስመርቀው ነበር ሐሳቧ። «የአባቴ ቤት ጣራ ቀርከሃ ነበር፤ በየትኛው ወር ተቆረጠ ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔ እስክዳር ድረስ ነቀዝ አልነካውም» አለችና በነሐሴ ከመንገድ ዳር ሠሪዎች እርጥቡን ገዝታ አሠራችው። ቫርኒሽ ሲቀባ እንደ ማር ያበራ ነበር።

መስከረም መጣ፤ ዳቦው ተደፋ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ፤ አባባ ግን አልመጣም። «ቀርከሃው ሲደርስ እመጣለሁ በላት» ብሎ በአንድ የመንደሩ ሰው ላከ። እናቴ የተሠራውን መከለያ እያየች «ይኸው ደርሶ የለም? እኔን ነው የተቀየሙት፤ ቤቴንም እኔንም ንቀዋል» አለች። ዳቦውን አባቴ ቆረሰ፤ እንግዶቹም በሉ፣ መረቁ፣ ሄዱ። እናቴ ግን የተረፈውን ዳቦ ስትሸፍን ፊቷ ልክ አልነበረም።

በኅዳር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትራሴ ላይ ደቃቅ ዱቄት አገኝ ጀመር። እናቴ «አልጋ ላይ በሶ እየበላሽ!» ብላ ትቆጣኝ ነበር፤ ብምልም ብገዘትም አላመነችኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ መኪናዋን አቁማ ክር ስትቀይር፣ ቤቱ ዝም ሲል፣ ከመከለያው ውስጥ ቀርጠም ቀርጠም የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማን። ጆሮአችንን አስጠግተን አዳመጥን። ነቀዙ ቤቴን እየበላው ነበር። እናቴ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለችና «ነግረውኝ ነበር እኮ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አባቴ ሳያይ ዱቄቱን ጠርገን በመስኮት እንበትን ነበር፤ እናቴ ወሬው አባባ ጆሮ ከሚደርስ ብትሞት ትመርጥ ነበር።

ለገና ከአባቴ ጋር ገጠር ሄድኩ። እናቴ ስፌት በዛብኝ ብላ ቀረች። አባባ ቤት ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ቀና ስል፣ ከእሳቱ በላይ ባለው ቆጥ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ተደርድሮ፣ ጭስ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ያንቺ ግድግዳ ነዋ! ኅዳር ላይ ቆረጥኩት። የእናትሽ አባት ቤት ጣራ የኖረው በጭሱ ነው፤ ይኸ የናንተ ፎቅ ጭስ የለውም፤ ድርሻውን እዚሁ ላጠግበው ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ሞኝ፣ ምስጢሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ ዱቄቱን፣ በሶውን፣ የእናቴን ልቅሶ። አባባ እሳቱን ቆሰቆሰና «እንደነገርሽኝ እንዳትነግሪያት፤ እሽ?» አለኝ። በዘጠኝ ዓመቴ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ምስጢር ተሸክሜ ተመለስኩ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባባ መጣ። ቀርከሃው ባጃጅ ውስጥ ስለማይገባ ያንን ሁሉ መንገድ በትከሻው ተሸክሞት ነበር። ደረጃው ላይ ደግሞ አልታጠፍ ብሎ አስቸገረ፤ በመጨረሻም የሕንጻው ሰው ተሰብስቦ በገመድ ከውጭ ሲስበው፣ አባባ ከታች ሆኖ በአገውኛ ቀርከሃውን እያባበለ የሕንጻውን ልጆች በሳቅ ገደላቸው። እናቴ በሩ ላይ ጉልበቱን ልትስም ዝቅ አለች። «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነግረውኝ ነበር፤ የናቁኝ መስሎኝ ነው» አለች። ቀና አደረጋት። «ጥፋቱስ ያንቺ አይዶለም፣ የቤቱ ነው፤ ጭስ የለውም። ከሚነቅዝ ቀርከሃ አጠገብ ምን ብዬ ልመርቅ? የማይነቅዘውን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው የቆየሁት።» እናቴ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። አባባ ሦስት ቀን የእኔ አልጋ ላይ እያደረ አዲሱን መከለያ ሠራ፤ ያ የነቀዘው የጋራው ማብሰያ ቤት ውስጥ ተማገደ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቆረሰ፤ ምርቃቱን በአማርኛ ጀምሮ በአገውኛ ጨረሰው፤ እናቴም አንድ ቃል ሳይገባት ከሁላችን ቀድማ «አሜን» ትል ነበር።

አባባ ካረፈ ቆይቷል። እኔም ዳንግላ ላይ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝቼ፣ ጣራውን ጂፕሰም፣ ወለሉን ሴራሚክ አድርጌ ገባሁ፤ እናቴ የእሷን ቤት ስታድስ መከለያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ያኔ አንድ የሚዘጋ በር አምሮኝ ወለል በጠመኔ አሰምር ነበር፤ ዛሬ የሚዘጋ በር ሞልቶኝ፣ ሥራዬን ይዤ የምቀመጠው ምንም ከማይከልለው መከለያ ሥር ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስለ ጂፕሰሙም ስለ ሴራሚኩም ምንም አትልም። ገና ነጠላዋን ሳታወርድ ወደ ቀርከሃው ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷን ከሥሩ ወለሉ ላይ ታስኬዳለች። ከዚያ ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ታያለች። ንጹሕ ነው። «አባባ» ትላለች ቀስ ብላ፣ እሱ ፊቷ እንደቆመ ሁሉ፤ ከዚያም ትቀመጣለች።