ያልደረሰ መርዶ

ሰማን በወባ ማረፉን ሺፋ የሰማው ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሱቁን ሲከፍት ነበር። መጀመሪያ የታወሱት የሰማን እናት ናቸው። ጎረቤቱ ሰማን አንሶላ እየሸጠም ቢሆን ጁምዓ ጁምዓ ሳይደውልላቸው አይውልም ነበር። ቀዬውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ጁባ የለም፤ ቁጥራቸውም ያለው የሰማን ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

ስልኩ ደግሞ ወታደሮች ጋ ነው። ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ፣ ከገበያው በላይ ሰማይ ላይ፣ ድምፅ ሳያሰማ የቆመ መብራት ታይቶ ነበር። ሰማን «ጄኔሬተር የማይፈልግ መብራት አገኘን» እያለ ሰዉን እያሳቀ በስልኩ ቀረጸው። በማግስቱ ስልኩን ለምርመራ ወሰዱበት።

ሺፋ ከቀብር እንደተመለሰ በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍሮ ወደ ወታደሮቹ ካምፕ ሄደ። መርማሪው ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛ የሚናገር መቶ አለቃ ነበር።

«ወንድሜ፣ የመብራቱ ነገር ሳይታወቅ ስልኩ አይወጣም።»

«ባለስልኩ ሞቷል። መብራቱን እናንተው ያዙት፤ እኔ የእናቱን ቁጥር ነው የምፈልገው።»

«ነፍስ ይማር። እኔም እናት አለኝ፤ ግን ታሽጓል። እሽጉን የሚያስፈቱት አለቃዬ ናቸው።»

አለቃው ከከተማ ወጥተዋል። ሺፋ በየቀኑ ይመላለሳል፤ ሱቁ ገብቶም መቀመጥ አልሆነለትም። ዛሬ ጁምዓ ነው። መብራቱ ምን እንደነበር አልታወቀም፤ የሰማን እናትም መርዶውን ገና አልተረዱም።