የቀርከሃና የጭቃ አሲድ

ክልሉ ገና ስሙን እየለመደ በነበረበት ዘመን አሶሳ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ሲሄድ አያለሁ፤ ለእኔ የመጣልኝ ግን ድካም ብቻ ነበር። እናቴ ወሎ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። ክረምት ክረምት እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። እሷ የምትፈልገው ግን አብሯት የሚኖር ሰው ነው፤ ከእኔ ሌላ ደግሞ ልጅ የላትም። ዝውውር ጠይቄ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ ከረመ። በመጨረሻ የትምህርት ቢሮው ሰው፣ «የዓመቱ ግምገማህ ካማረ እፈርምልሃለሁ» አለኝ።

በዚያ ዓመት ያለፋኝ ትምህርት የድኝ አሲዶች ነገር ነው። መጽሐፉ ሰልፈሪክ አሲድን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ያሳያል፤ ድኙ መሀል፣ አራቱ ኦክስጅኖች በአራት አቅጣጫ። ተማሪዎቼ መስቀል ይመስላቸዋል። ሁለቱን ሃይድሮጅኖች ደግሞ ወስደው ድኙ ላይ ይሰክኩልኛል። «ሃይድሮጅኑን የያዘው ኦክስጅኑ ነው፤ አሲድ የሚያሰኘውም ሃይድሮጅኑ ከዚያ ለቆ መሄዱ ነው» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ የእኔ ማብራሪያ በአማርኛ፣ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት የበርታ ቋንቋ ነው። ይህን ሁሉ ተሻግሮ ከአሲዱ ምን እንደሚተርፍ እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን ምርር አለኝና ጠመኔውን ጥዬ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። አሶሳ ቀርከሃ አይታጣም። ጭቃ አድበልብለን ትልቁን ለድኙ፣ መካከለኞቹን ለኦክስጅኖቹ፣ ትንንሾቹን ለሃይድሮጅኖቹ አደረግን። ለነጠላ ትስስር ረዘም ያለ አንድ የቀርከሃ ስንጣሪ፣ ለድርቡ አጠር ያሉ ሁለት ስንጣሪዎች ሰካን፤ ድርቡ ትስስር ኦክስጅኑን ወደ ድኙ ያቀርበዋልና።

ሁሉም እንደ መጽሐፉ ጠፍጣፋ አድርገው ሠሩት። ከሆሞሻ ወረዳ የመጣ፣ በዕድሜ ከክፍሉ የሚበልጥ አንድ ተማሪ የራሱን ሊያቆም ቢሞክር ወደቀበት። አባቱ የቀርከሃ ቤት ሠሪ ናቸው። «ቲቸር፣ ቤት ተኝቶ አይሠራም» አለኝና ሦስቱን ኦክስጅኖች እንደ እግር ወደ ታች ከፈተ፣ አራተኛውን ወደ ላይ ቀሰረ። ቆመ። አራቱም እኩል ተራርቀው ነበር፤ በቃል ላስረዳቸው ስለፋ የከረምኩት ቅርጽ ይኸው ነው። አንድ ኦክስጅን ወደሚጎድለው ወደ ሰልፈረስ አሲድ ስንሻገር የላይኛውን ኦክስጅን ነቅሎ እግሮቹን ወደ ጎን ሊዘረጋቸው ሲል ያዝኩት።

«ተዋቸው፤ በቦታው ከማንም ጋር ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ተቀምጠዋል፤ እነሱ ናቸው የሚገፏቸው።»

«የሌለ ነገር ይገፋል?»

«አለ፤ አታየውም እንጂ።»

እግሮቹን እንደነበሩ ተዋቸው። ከዚያ በኋላ ያንን ትምህርት ለሌሎቹ የሚያስረዳልኝ እሱ ሆነ፣ እኔም ትንሽ አረፍኩ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ግምገማው ደረሰ። መምህሩም ተማሪውም የቢሮው ሰውም አንድ ላይ ተቀምጠን፣ እየተነሱ የሰውን ጉድለት የሚናገሩበት ስብሰባ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቀድሞ ተነሳና «ትልልቅ ተማሪዎችን ጭቃ ያስቦካል፤ በእንግሊዝኛም አያስተምርም» አለ። እሱ ራሱ መጽሐፉን ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ደወል የሚጠብቅ ሰው ነው። ደሜ ፈላ፤ ግን ዝውውሬን አስቤ ዋጥኩት። በቃ፣ እናቴ ብቻዋን ቀረች አልኩ በልቤ።

ያኔ የሆሞሻው ተማሪ አሲዶቹን በካርቶን ይዞ ተነሳ።

«ቲቸር አላስቦካም፤ ጭቃ እኛ ነው ያቦካው። መጽሐፍ ላይ አሲድ ተኝቷል፤ እኛ አልገባንም። ይሄ ቆመ፤ ገባን።» ባለ ሦስት እግሩን አነሳ። «ይሄ ላይ ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም። ሁለት ኤሌክትሮን አለ፤ እነዚህን ወደ ታች ይገፋል።»

የቢሮው ሰው የቀድሞ መምህር ነበርና «ሃይድሮጅኑስ ለምን ድኙ ላይ አልሆነም?» ብሎ ጠየቀው።

«ኦክስጅን ነው የያዘው። ሲለቅ ነው አሲድ የሆነ።»

እንደዚያ ጠዋት ኮርቼ አላውቅም። ባልደረባዬ ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር፣ ዝውውሬም የተፈረመ ያህል ተሰማኝ። የቢሮው ሰው ተነሳ።

«አዲስ ክልል ነን» አለ። «ለማንኩሽና ለማንቡክ ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪ መምህር አጥተን እየተጨነቅን ነው። ይህን የመሰለ መምህር እጃችን ላይ እያለ እንዴት ብለን ነው የምንሸኘው? የዝውውሩ ጉዳይ ይቅር።»

ቤቱ አጨበጨበ። የተመሰገነ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ። ስንወጣ ተማሪው ደጅ ላይ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ ደስ አለህ?»

«ደስ ብሎኛል» አልኩት። ፊቱን እያየሁ ሌላ መልስ ከየት ላምጣ?

ክረምት ሲገባ አገሬ ሄድኩ። እናቴ ዝናቡ አባርቶላት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዬን አስቀምጬ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ቀና ብላ ብዙ ካየችኝ በኋላ፣

«የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ።