እኔን የማትፈልግ ሞተር

ቀኝ መዳፌ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ግርጌ፣ ጥፍር የምታህል፣ የምታብለጨልጭ ጠባሳ አለችኝ። ብርድ ሲሆን ትደነዝዛለች፤ ሞቅ ያለ ነገር ስነካ ደግሞ ከሌላው እጄ ዘግይታ ነው የሚሰማት። "ሞተር ልገዛ ነው፤ ድንጋይ የምትወጣ፣ ብዙ የማታስቸግር ምረጪልኝ" ብለሽ ስትደውዪልኝ ሳላስበው እሷን እየደባበስኩ ነበር። እመርጥልሻለሁ፣ ችግር የለም። ግን መጀመሪያ የጠባሳዋን ነገር ልንገርሽ፤ ስለ ሞተር ምርጫ የማውቀው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን ኮተቤ ነው። አባቴ ከግቢያችን በር አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ የሰፈሩን ሞተር ሳይክል ሁሉ የሚጠግን መካኒክ ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ ላይ፣ ባህር ዛፉ መሃል ጎርፍ በቆፈረው ድንጋያማ ቦይ ውስጥ፣ ትራያል ከሚለማመዱ ልጆች ጋር ነበርኩ። ትራያል የፍጥነት ውድድር አይደለም፤ እግርሽ መሬት ሳይነካ ቀስ እያልሽ ቋጥኝ መውጣት ነው። ሞተሯ ቀላል፣ አጭር፣ መቀመጫ የሚባል ነገር የሌላት ናት፤ ቆመሽ ነው የምትነጂያት። እኔ የምነዳው የአንዱን ጓደኛችንን ነበር። እሱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲመደብ ሞተሩን ይዞ ሊሄድ ሆነ። መስከረም ላይ እርስ በርሳችን ልንወዳደር ቀጠሮ ይዘናል፤ ከመካከላችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሞተር ደግሞ የለኝም። አሁን ሳወራው ቀላል ይመስላል እንጂ ያኔ ሰማይ የተደፋብኝ መስሎኝ ነበር።

አባቴን ለመንኩት። ፎቶዋን በስልኬ ሳሳየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየ፣ ዝቅ አድርጎ አየ።

"ጉድ እኮ ነው! መቀመጫውን ማን ሰረቀው?" አለ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "በስመ አብ! ተቀምጣ የማትሄድበትን ነገር ነው የምትገዛላት? ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ ብትቀመጥም ያወራል" አላት አባቴ እየሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እገዛልሻለሁ። ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። እኔን የማትፈልግ ሞተር ነው የምናገኘው።"

ቀልድ መሰለኝ። መካኒክ ስለ ሞተር ሲቀልድ እንዲህ ይሆናል ብዬ እኔም ሳቅኩ።

ፍለጋው ተጀመረ፤ ፍለጋ እንበለው እንጂ መከራ ነበር። አያት ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ቀይ አገኘን፤ ሳያት ልቤ ቀጥ አለ። አባቴ አንድ ጊዜ ዞራትና፣ "ቤንዚንና ዘይት እየለካሽ የምትቀላቅዪላት ናት። አንድ ቀን ብትሳሳቺ ሆዷ ይቃጠላል። ትቅርብን" አለ። ጉርድ ሾላ ያየናት ደግሞ በውሃ የምትቀዘቅዝ ሆነች። "ራዲያተሯን አንድ ድንጋይ ከመታው እንጦጦ ላይ ቀረሽ" አለ። ሦስተኛዋ መለዋወጫዋ አገር ውስጥ የለም። የአራተኛዋ ቤንዚን የሚያድለው ካርቡራቶሪ በየሳምንቱ ካልታጠበ አይሆንላትም። ደሜ ፈላ።

"አባዬ፣ መካኒክ አባት እያለኝ ብትበላሽ ምን ቸገረኝ? አንተ ትሠራታለህ!"

ታክሲ ውስጥ እስከ ኮተቤ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነው የሄደው። እኔም አኩርፌ ፊቴን አዙሬ ነበር። ያ ኩርፊያ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ዓይናችን ሥር ነበር። ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ የአባቴ እጅ ዝነኛ ነበር። ድስት ከእሳት ሲወርድ ክዳኑን በባዶ እጁ ነው የሚያነሳው። የሚፋጅ ሻይ ብርጭቆውን ጨብጦ ይጠጣል። እናቴ "የመካኒክ እጅ ጨርቅ አይፈልግም" እያለች እንግዳ ፊት ታሞግሰዋለች፤ እኛም እንኮራለን። ወይ ጉድ! በበሽታ የሚኮራ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ትንንሽ ብሎን ከእጁ እየወደቀ ያስቸግረው ነበር። ቤንዚኑን የምትለኩሰው ካንዴላ ስትገጠም "ነይ፣ አንቺ ግጠሚው፤ መልመድ አለብሽ" ይለኛል። እያስተማረኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አምስተኛዋ ካራ የሚባለው ሰፈር ተገኘች። አባቴ ሞተር ሊያይ ሲሄድ አንድ ሕግ ነበረው። ጠዋት በማለዳ ይደርሳል፤ ከምንም በፊት መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፋል። "የሞቀ ሞተር ይዋሻል" ይል ነበር። ሻጭ አስቀድሞ ካሞቀው የታመመውም እንደ ጤነኛ ይነሳል። ቀዝቅዞ አድሮ በአንድ ርግጫ የሚነሳ ግን ዓመታት አያስቸግርም።

የነሐሴ ጠዋት ነው። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ የካራን ማሳ ሸፍኖታል፤ መንገዱ እርጥብ አፈር ይሸታል። ከሻጩ ግቢ ጎን ያለው ወፍጮ ቤት በዚያ ሰዓት ማጓራት ጀምሯል። ሻጩ ጋቢውን እንደደረበ በሩን ከፈተልን።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ግቡ፣ ግቡ፣ ካፊያው እንዳይመታችሁ።"

ሞተሯ ዳስ ሥር ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን ሲገልጥላት ጠጋ አልኩ። ነጭ፣ ቀጭን፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ዘይት መቀላቀል የማትፈልግ፣ መለዋወጫዋ ከተራው ሞተር ጋር አንድ የሆነ። አባቴ የሚፈልገው ሁሉ አላት። ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፈ።

"ቀዝቃዛ ናት" አለ። "ማስነሻዋን ርገጪ።"

ረገጥኩ። በአንዴ ተነሳች! አባቴ እጁን ሳያነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣት ጀመር። ፊቱ ሲበራ አየሁት።

"ይህቺ ናት!" አለ። "ልጄ፣ ይህቺ ናት!"

የሆነ ነገር ሸተተኝ፤ ዶሮ ስትለበለብ የሚሸት ዓይነት። ዘይት ፈሶ እየተቃጠለ ነው ብዬ አጠፋኋትና የት ጋ እንደሆነ ልፈልግ ጎንበስ ስል መዳፌ ሲሊንደሩ ላይ አረፈ።

ጩኸቴን ወፍጮ ቤት ያሉት ሁሉ ሳይሰሙት አይቀሩም።

"ምን ሆንሽ?" አለ አባቴ ደንግጦ።

"ያቃጥላል! አባዬ፣ ያቃጥላል!" እያልኩ እጄን ሳራግፍ ዓይኔ የእሱ እጅ ላይ ወደቀ። አሁንም እዚያው ነው። በግ እንደሚዳብስ ሰው እጅ፣ ረጋ ብሎ፣ የሚፋጀው ብረት ላይ ተቀምጧል።

ክው አልኩ። ሌላ ቃል የለኝም። የራሴ ሕመም ከየት መጥቶ የት እንደገባ እንጃ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት፤ መዳፉን ስገለብጠው ነጭ ሆኖ ተሸብሽቧል፣ ዳር ዳሩ ላይ ቆዳው ተልጧል። አባቴ የሰው ዕቃ ይመስል አየው። አየው፣ አየውና፣ "አሃ" አለ።

ሻጩ "ኧረ በማርያም! ጋሼ፣ እጅዎ!" ብሎ ጋቢውን ጥሎ ለውሃ ሮጠ። በጆግ ውሃ እያፈሰሰለት ይለፈልፍ ጀመር። "ይቅር ይበሉኝ። ሰሞኑን በብርዱ አልነሳ እያለችኝ፣ ሳትመጡ ላሙቃት ብዬ ነው። ነክተው ዝም ሲሉኝ፣ አውቀውብኝ ያለፉኝ መስሎኝ…"

ሌላ ቀን ቢሆን አናቱ ላይ እወጣበት ነበር። ያን ሰዓት ግን ለእሱ ማን ልብ አለው?

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት አባቴን።

"እግሬ ካምና ክረምት ጀምሮ። እጄ ከፋሲካ ወዲህ" አለ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። "ስኳሩ ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል።"

ስኳር እንዳለበት እናውቅ ነበር። እጅና እግሩን እያደነዘዘው እንደሆነ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። "ለምን አልነገርከንም? ለምን?" አልኩ፤ ሰው ቤት መሆኔን ረስቼ ጮህኩበት።

"እጁ የማይሰማ መካኒክ ዘንድ ማን ሞተር ያመጣል?" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለዚህ እኮ ነው እኔን የማትፈልግ የምፈልግልሽ። እንጦጦ ላይ ቆማብሽ 'አባዬ፣ ና' ብለሽ ብትደውዪ ምን ልመልስልሽ ነው? ዓይንሽን እያየሁ አልችልም ልበልሽ?"

ታክሲ ውስጥ ያኮረፍኩት ትዝ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ በሌላው እጁ ራሴን ዳበሰኝ፤ ያኛው እጅ ፀጉሬ ይሰማው አይሰማው አላውቅም።

ከጤና ጣቢያ ሁለታችንም እጃችን በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ገባን። እናቴ ስታየን ጮኸች፤ ነገሩን ስትሰማ ግን የአባቴን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የድስት ክዳን በጨርቅ ይነሳ ጀመር።

እኔ ሞተር የሚባል ነገር አልፈልግም አልኩ። አባቴ ተቆጣ። "ሰውየው ዋሸ እንጂ ሞተሯ ምን አጠፋች? ሳምንት እንመለሳለን፤ ቀዝቅዛ እናያታለን። አንቺ ብቻ እጅሽን ይዘሽ ነይ።"

በሳምንቱ ወፍጮ ቤቱ እንኳ ሳይከፈት ካራ ደረስን። አባቴ በፋሻ የታሰረ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቆመ።

"ንኪያት።"

ግራ መዳፌን አሳረፍኩ። ወንዝ ውስጥ ያደረ ድንጋይ ናት።

"ቀዝቃዛ ናት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ፣ አባዬ።"

አንድ ረገጥኩ፣ ምንም። ሁለት፣ ምንም። ሻጩ ጣቱን መንከስ ቀረው። አባቴ "ካንዴላዋን ፍቺ" አለኝ። ፈታሁት፤ ከሰል መስሏል። እሱ በአፉ እየመራኝ፣ እጁ ምንም ሳይነካ፣ እኔ ጠርጌ ገጠምኩት። ረገጥኩ፣ በአንዴ ተነሳች፤ በሽታዋ ያቺው ካንዴላ ብቻ ነበረች። ከፍለን፣ ከካራ እስከ ኮተቤ ቆሜ እየነዳሁ፣ እሱ በታክሲ ከኋላዬ እየተከተለኝ ገባን። መስከረም ላይ ተወዳደርኩ፤ መጨረሻ አልወጣሁም፣ እሱ ይበቃል።

በዓመቱ ጋራዡን ዘጋ። ጠዋት ጠዋት ግን በሩ ላይ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። እኔ ሞተሯን አስነሳና፣ ምንም ሳትሆን፣ "አባዬ፣ ዛሬ ድምጿ አላማረኝም፤ እስቲ ስማት" እለዋለሁ። ጆሮውን አዘንብሎ ረጅም ጊዜ ያዳምጣል። "ምንም አልሆነችም። ሂጂ" ይለኛል። አንድ ቀን "አንቺ ልጅ፣ ውሸት አታውቂበትም" አለኝ፤ ማዳመጡን ግን አልተወም።

ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ሞተሯ እሱ እንደመረጣት ናት፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ላንቺም እንደሷ ያለችውን እንፈልጋለን፤ ማለዳ እንሄዳለን፣ የምትነኪያት ግን አንቺ ነሽ፤ የኔ መዳፍ ጠባሳው ጋ ሲደርስ ይዋሻል።

ዛሬ ጠዋትም በአንድ ርግጫ ተነሳች። በርጩማው አሁንም በሩ ላይ ነው፤ ማንም አላነሳውም። "አባዬ፣ ድምጿ አላማረኝም" አልኩ፤ ልማድ ነው። ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ "ምንም አልሆነችም። ሂጂ" ብዬ ለራሴ መልሼ ወጣሁ።